ቡና የሚሰጣበት ጣሪያ

ባሌ ቤታችንን ሲሠራ ያሰበው ዝናብን አልነበረም፤ ቡናን ነበር። ሚዛን ተፈሪ ተወልዶ አድጎ ዝናብን የሚረሳ ሰው አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር። ግን አገባሁትና በዓይኔ አየሁት።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ እሱ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ በኩል ከአባቱ የወረሰው የቡና ማሳ አለው። ሰውዬው ጥሩ ሰው ነው፤ ይህን ከመጀመሪያው ልናገር፣ በኋላ ስወርድበት እንዳታዝኑለት። ሥራ ይወዳል፣ ሳቂታ ነው፣ ዘፈን ሁሉ በፉጨት ያበላሻል። አንድ ጣጣ ብቻ አለበት። አንድ ሐሳብ ጭንቅላቱ ውስጥ ከገባ በጉጠትም አይወጣም።

የዚያ ሰሞን ሐሳቡ እንዲህ ነበር። ቀይ ቡና ተለቅሞ ሲመጣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እኛ ዘንድ ግን መሬቱ ራሱ እርጥብ ነው። ሰሌን ዘርግታችሁ ብታሰጡ ከታች እርጥበቱ፣ ከላይ ደመናው፣ ከጎን ዶሮው፣ ፍየሉ፣ ኳስ የሚያባርሩት የሰፈር ልጆች። ሲያካፋ እየሮጡ መሰብሰብ፣ ሲያባራ እየሮጡ መዘርጋት ነው። አንድ ቀን ካልተገላበጠ ይሻግታል። የግብርና ባለሙያው ደግሞ በየሳምንቱ እየመጣ «ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት አልጋ ሠርታችሁ አድርቁ» እያለ ይመክራል። ባሌ ይህን ሰምቶ ቤት ገባ፤ ምሳ እየበላን ጉርሻውን በጉንጩ እንደያዘ፣

«ምን አልጋ ያሠራናል? ቤቱን ራሱን አልጋ እናደርገዋለን!» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። ግድግዳው ያለቀው አዲሱ ቤታችን ጣሪያው እንደ ሰው ቤት ዘቅዛቃ አይሆንም፤ ጠፍጣፋ ይሆናል። ቆርቆሮው ላይ ሰሌን ይነጠፋል፣ ሰሌኑ ላይ ቡናው ይሰጣል። ዶሮ አይደርስበት፣ ፍየል አይደርስበት፤ ቆርቆሮው ደግሞ ፀሐይ ሲመታው ከታች ያሞቅለታል። ቡናው ተንከባሎ እንዳይወርድ በጣሪያው ዙሪያ ከስንዝር ከፍ ያለ ሳንቃ ይመታበታል።

«ሰሃን ነዋ!» አልኩት።

«አዎ፣ ሰሃን!» አለኝ፣ ስለገባኝ ደስ ብሎት።

እንግዲህ አባቴ አናጢ ነው። በወጣትነቱ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ ሚዛን ላይ ካለው ቆርቆሮ ግማሹን የመታው እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከእኛ አሥር ደቂቃ በማያስኬድ ቦታ ብቻውን ይኖር ነበር። ከእኔ ሌላ ልጅ የለውም። ቁጡ ነው። እኔስ ከማን ወረስኩት ብላችሁ ነው!

የልጁን ጣሪያ ሌላ ሰው ሊመታው አይችልምና ሜትሩንና መዶሻውን ይዞ መጣ። ባሌ ሐሳቡን አስረዳው። አባዬ እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማ፤ ዝም ሲል ነው የምፈራው።

«ወዴት ነው የሚዘቀዝቀው?» አለ።

«ወደ ጓሮ፣ አባባ። አራት ጣት ያህል።»

«አራት ጣት።»

«ውሃው በሳንቃው ሥር በምተዋት ቀዳዳ ይወጣል።»

«ቀዳዳዋ ስትደፈንስ?»

«አጸዳታለኋ!»

አባዬ በእጁ የያዘውን ሜትር ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። «ስማ ልጄ፤ ጣሪያ የመጣበትን ሁሉ ወደ መሬት መሸኘት ነው ሥራው። አንተ ግን አስቀምጠህ ልታስተናግደው ነው» አለው።

ባሌ ሳቀ። ያቺ ሳቅ ናት ጉድ ያፈላችው። እኔ አውቀዋለሁ፣ አባባሉ ጥሞት ነው የሳቀው፤ አባዬ ግን ተናቅኩ አለ። ፊቱ በአንዴ ሳንባ መሰለ። መዶሻውን የመሣሪያ ጆንያው ውስጥ ወረወረና፣ «እመብርሃንን! ይህ ጣሪያ ባለበት ቤት ገብቼ አልቀመጥም!» ብሎ ወጣ። ባሌም እንደ ደህና ሰው ዝም አይል ነገር፣ «ይሁና! አናጢ ሞልቷል!» ብሎ ከኋላው ጮኸ። ሁለቱንም አንድ ላይ አስሬ እስኪታረቁ ውሃ ብከለክላቸው ደስ ባለኝ።

ሌላ አናጢ ተገኘና ጣሪያው ተመታ። ቀጫጭን የባሕር ዛፍ ወራጆች ተጋደሙ፣ ቆርቆሮው ተነጠፈ፣ ሳንቃው ዙሪያውን ተመታ። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ዓመት ቡና እንዴት ያለ ቡና ሆኖ ደረቀ መሰላችሁ! ባሌ ከጠዋት እስከ ማታ መሰላል ላይ ነው። ላይ ሆኖ ቡናውን በመቅዘፊያ እያገላበጠ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ስሙን እየጠራ ሰላም ይላል። ከቴፒ ድረስ ሰው እየመጣ አየለት። እኔም በሆዴ፣ «አባዬ ተሸንፏል፣ አሁን ይመጣል» ብዬ ነበር።

አባዬ መጣም፣ አልመጣምም። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ ይመጣል፤ ግቢ ይገባል፤ አቮካዶ ዛፋችን ሥር ያለችው በርጩማ ላይ ይቀመጣል። በቃ። ከዚያች በርጩማ ወዲህ ንቅንቅ የለም። ምሳውን አወጣለታለሁ። ሲዘንብ ጃንጥላ አወጣለታለሁ። በግራው ጃንጥላ ይዞ በቀኙ የሚበላ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሁለት ዓመት እስኪሞላ ድረስ አየሁ። «ኧረ አባዬ፣ በእናቴ አጥንት፣ ግባ!» እለዋለሁ። «ምግቡ እኮ ደህና ነው» ይለኛል፤ ስለ ምግብ የጠየቅኩት ይመስል!

ጎረቤት ደግሞ ዓይንም አፍም አለው። «አስተማሪዋ አባቷን ደጅ ነው የምታበላ» መባሌን ገበያ ላይ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ደሜ ፈላ፤ ግን ምን ልበል? እውነት ነዋ! ልጄን ወልጄ ሳርስ እንኳ አባቴ በመስኮት ነው ያያት። እኔ ከውስጥ አቅፌ ቆሜ፣ እሱ ከውጭ ባርኔጣውን አውልቆ። ያን ቀን በጣም አለቀስኩ። እናቴ የለችም፤ ያለኝ እሱ ነው፤ እሱም መስኮት ሥር ቆሟል። ከዓለም ነገር የምፈልገው አንድ ብቻ ነበር፤ አባቴ ቤቴ ገብቶ እንደ አባት እንዲቀመጥልኝ።

ሽማግሌ ላክሁበት፤ ሽማግሌዎቹ አቮካዶው ሥር አብረውት ተቀምጠው ቆሎ ቆርጥመው ሄዱ። የንስሐ አባቱን ላክሁበት፤ መሐላውን እንፈታልሃለን አሉት። «መጀመሪያ ጣሪያው ይፈታ» አላቸው። ከባሌ ጋር ሰላምታ አላቋረጡም፤ ጤና ይስጥልኝ፣ ጤና ይስጥልኝ፣ ከዚያ ሁለቱም ዛፉን ያያሉ።

አብረውት የሚቀመጡት አማቴ ነበሩ፤ የባሌ እናት፣ ከእኛ ጋር የሚኖሩ። አፋቸውን የፈቱት በቤንችኛ ነው፤ አማርኛቸው አጭር ነው፣ ግን አንዲት ቃል አያባክኑም። አባዬ ሲመጣ የራሳቸውን በርጩማ ይዘው ይወጣሉ። ምን እንደሚያወሩ አላውቅም ነበር። እኔ ስጠጋ ዝም ይላሉ፤ ስሄድ ይቀጥላሉ። እኔን የሚያሙ ይመስለኝ ነበር፣ በጎን እናደዳለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ቤቱ መናገር ጀመረ። መጀመሪያ የሳሎኑ በር ነው። አልዘጋ አለ። ባሌ ነቅሎ በመላጊያ ላጠውና ዘጋ። ወር ሳይሞላ እንደገና ያዘ። ቀጥሎ መስኮቱ። ቀጥሎ ከበሩ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጣች፤ እሱም በጭቃ መረጋት፤ እሷም ጣት አክላ ተመለሰች። አንዳንድ ቀን ፀሐይዋ ስትበረታ ከላይ የሆነ ነገር ቀጭ ይላል። «እንጨት ሲደርቅ ነው» ይለኛል ባሌ። ሁለት ዓመት ሙሉ የማይደርቅ ምን ዓይነት እንጨት ነው?

አንድ እሑድ ይህን ለአባዬ ነገርኩት። መብላቱን አቆመ።

«በሩ ከላይ ነው የሚይዘው ከታች?»

«ከላይ።»

«ቡናውን እንደተለቀመ፣ በርጥቡ ነው የሚያወጣው?»

«በርጥቡ ነዋ፤ ሊያደርቀው አይደል!»

ከዚያ በጣቱ አፈሩ ላይ መስመር አሰመረልኝ። ቀጭን እንጨት ጫፍና ጫፉን ደግፋችሁ መሐሉን ብትጫኑት ይጎብጣል፤ ስትለቁት ይቃናል። ግን ሙሉ በሙሉ አይቃናም። ትንሽ ጉብጠት ያስቀራል። በሚቀጥለው ከዚያ ይጀምራል። ሲጎብጥ ደግሞ መሐሉ ይጎደጉዳል፤ ጎድጓዳ ላይ ውሃ ይተኛል፤ ውሃው ጭነት ሆኖ የበለጠ ያጎብጠዋል። ግድግዳውም ከላይ ሲጫኑት ያለው መሄጃ ወደ ጎን ነው፤ ስንጥቁ እሱ ነው፣ አልዘጋ ያለው በርም እሱ ነው። እንጨት አንድ ቀን ዝም ብሎ አይሰበርም፤ ሲሰበር የከረመ ነው፤ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ይህን ሁሉ ለባሌ ነገርኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «እሳቸው ጣሪያዬን ካልጠሉ እንቅልፍ አይወስዳቸውም» አለኝ።

እንግዲህ ነገሩ የፈነዳበት እሑድ መጣ። ሚያዝያ ነው። ቡናው ከተሰበሰበ ቆይቷል፤ ሳንቃው ግን እንደተመታ ነው፣ ምክንያቱም ባሌ ኮረሪማም አስጥቶበት ነበር። ቀዳዳዋ አቮካዶው ባራገፈው ቅጠል ተደፍናለች፤ ይህን ያየነው በኋላ ነው። ምሳ ተበልቷል። አባዬና አማቴ በርጩማቸው ላይ ናቸው። ዓመት ከአራት ወሯ ልጄ መኝታ ክፍል ተኝታለች። እኔ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ፈተና አርማለሁ፤ ባሌ አጠገቤ ሬዲዮ ይጎረጉራል።

ሰማዩ ከማጂ ተራሮች በኩል ጠቆረ። ነፋስ መጣ። ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። በረዶ ነው። መጀመሪያ ሽምብራ ሽምብራ የሚያህል፣ ቀጥሎ ቀይ ቡና ቡና የሚያህል። እኛ ሞቃት አገር ሰዎች በረዶ አናውቅም አልልም፤ ይመጣል፣ አምስት ደቂቃ ያራውጣል፣ ይቀልጣል። ይኼኛው ግን አላባራ አለ። ጫጫታው ጆሮ ያደነቁራል። በመስኮት ሳይ አባዬና አማቴ ራሳቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይሮጣሉ። ወዴት? ቤቱ ቅርብ ነው፤ ማድ ቤቱ ሩቅ ነው። ማድ ቤት ገቡ! «ወይ ግትርነት! በረዶ አናቱን እየፈለጠው!» ብዬ ወረድኩበት፤ ማንም አልሰማኝም እንጂ።

ባሌ ደስታውን አልቻለም። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ነይ እዪ! ነጭ ሆነ! ግቢው ሁሉ ነጭ ሆነ!» ይላል። እኔም ወጥቼ አየሁ፤ እውነትም ያምር ነበር። እፍኝ አንስቶ አንገቴ ሥር ከተተብኝ፤ ተሳደብኩ፤ ሳቅን።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ድምፁ ተለወጠ። በረዶው አላባራም፤ እንዲያውም ጨምሯል፤ ግን ያ የቆርቆሮ ጫጫታ ጠፋ። ጆንያ ላይ ጆንያ እንደሚጣል ድፍን ያለ ድምፅ ብቻ ቀረ። እኔ «እፎይ፣ ሊቆም ነው» አልኩ። አባዬ ግን ማድ ቤት ሆኖ ያንን ድምፅ ሰምቶ ገብቶታል፤ በረዶው ቆርቆሮ ላይ መውደቁን ትቶ በረዶ ላይ ነው የሚወድቀው። ሳንቃው ይዞታል። አልወረደም፤ ተከምሯል።

ሊጥ የማቦካበትን ትልቁን መዘፍዘፊያ ራሱ ላይ ደፍቶ ከማድ ቤት ሲወጣ አየሁት። በሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። «ውጡ! ሳሎኑን ልቀቁ!» ይላል።

ባሌ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ። የአቡጀዴ ኮርኒሳችን መሐል ለመሐል እንደ እርጉዝ ሆድ ተንዘርጥጧል። ከላይ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ከበሩ በላይ ያለው ስንጥቅ እያየነው ሰፋ። ባሌ መጥረጊያ ይዞ ወጣ፤ መሰላሉን አቁሞ መውጣት ጀመረ፤ በረዶውን ሊጠርግ!

«ውረድ!» አለ አባዬ። «በረዶው መች አነሰውና አንተ ትጨመርበታለህ! ውረድ ብዬሃለሁ!»

ባሌ ወረደ። ሁለት ዓመት ያልሰማውን ሰው ያን ጊዜ ሰማ።

እኔ ልጄን ላነሳ ወደ መኝታ ክፍሉ ሮጥኩ። የክፍሉ በር የሚከፈተው ወደ ሳሎን ነው፤ ከሳሎኑ በቀር መውጫ የለውም። ልጄን አቅፌ ልወጣ ዞር ስል አባዬን በሳሎኑ በር በኩል አየሁት፤ ከነመዘፍዘፊያው።

«ይዘሻት እንዳትወጪ! እዚያው ሁኚ!»

«ምን?»

«ሳሎኑን እንዳትረግጪ! እዚያ ደህና ነው! በሩን ዝጊ!»

እንዲህ ዓይነት ትእዛዝ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጣሪያ ሊወድቅ ነው፤ አባቴ ልጅሽን ይዘሽ ጣሪያው ሥር ተቀመጪ ይለኛል። እዚያ ደህና ነው? ገብቶ የማያውቀውን ክፍል ምን ያውቃል? አብዷል፣ በረዶው ናላውን አዙሮታል አልኩ። ግን የአባቴን ቁጣ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ይህ የቁጣ ድምፅ አልነበረም። እየለመነኝ ነበር። በሩን ዘጋሁ።

አልጋው ጥግ ልጄን ደረቴ ሥር አድርጌ ተኮራመትኩ። መጀመሪያ ምስማሮቹ ሲነቀሉ ሰማሁ፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ቀጥሎ ረጅም ሲጥጥ የሚል። ከዚያ ምድር የተገለበጠች መሰለኝ። በበሩ ሥር አቧራና ቀዝቃዛ ነፋስ ገባ፤ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፤ ከኮርኒሳችን አቧራ ቡን አለ። «እመቤቴ፣ እመቤቴ» እላለሁ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ቀና ስል ኮርኒሱ በቦታው አለ። ከእኔ በላይ ያለው ሁሉ በቦታው አለ። ልጄ ነቃችና ተቆጣች፤ አጥብቄ ይዣት ኖሯል።

በሩ አልከፈት አለ፤ የወደቀው ሁሉ ተደግፎታል። አባዬ መስኮቱን ከነመቃኑ በመጥረቢያ ነቅሎ አወጣው። ልጄን ተቀበለኝ። እኔን ደግሞ ባሌ ጎትቶ አወጣኝ። አቀፈኝ። «ገደልኳችሁ ብዬ ነበር። ገደልኳችሁ ብዬ ነበር» ይላል ደጋግሞ። በረዶው ላይ ቁጭ አለና እንደ ልጅ አለቀሰ። አባዬ አንድ እጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆመ።

በረዶው ሲያባራ ጎረቤት ሁሉ መጣ። የሳሎኑ ጣሪያ እንዳለ ወርዷል። ወራጆቹ መሐላቸው ላይ ተቀንጥሰዋል፤ የፊቱ ግድግዳ ወደ ውጭ ተገፍቶ ፈርሷል። ፈተና ሳርምበት የነበረው ጠረጴዛ አራት እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል፤ ላዩ ላይ በረዶው ክምር ብሎ፣ ከበረዶው መሐል ኮረሪማው ይታያል። እኔና ባሌ እዚያ ተቀምጠን ነበር። 

ሰዎቹ ቆርቆሮውን እየጎተቱ ማውጣት ጀመሩ። የመኝታ ክፍሉ በር እንደተከፈተ ባሌ ገባ፤ የኮርኒሱን ጠርዝ ገለጥ አድርጎ ወደ ላይ አየ። ቆይቶ ቆይቶ፣ «ይህ እንጨት የማነው?» አለ።

ገብቼ አየሁ። በባሕር ዛፍ ወራጆቹ ሥር ጭን ጭን የሚያካክሉ፣ ቀረሮ ከሚባለው ጠንካራ የደን ዛፍ የተጠረቡ አግዳሚዎች ከግድግዳ ግድግዳ ተጋድመዋል። በሁለቱ ጥግ ከቁም ሣጥኑ ኋላና ከአልጋው ራስጌ ጀርባ ወፍራም ቋሚዎች ቆመው ተሸክመዋቸዋል። በየመገናኛው አግዳሚና ቋሚ እርስ በርስ ተነክሰው ታስረዋል።

«እኔ ቀረሮ አልገዛሁም» አለ ባሌ። «ያ አናጢም አልሠራውም። እኔ ነኝ አጠገቡ የቆምኩት።»

ሁላችንም አንጋጠን ቆምን። ይኼኔ አማቴ ከኋላችን፣ «እኔ መሰላል ያዝኩ» አሉ።

ዞርን።

«እሱ ወጣ፣ እኔ ያዝኩ» አሉ፣ ወደ አባዬ በአገጫቸው እየጠቆሙ። «አንቺ ትምህርት ቤት። እሱ ቡና። ሁለት ሳምንት። አትናገሪ አለኝ። አልተናገርኩም።»

አባዬ ልጄን አቅፎ ፈርሶ በቀረው የሳሎኑ ደፍ ላይ ቆሟል። ፊቱ ቀልቷል፤ እንደተያዘ ሌባ ዓይኑ መሬት መሬት ያያል። ባለፈው ዓመት አንድ ሰሞን አልጋ ልብሴ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነገር አይቼ ነቀዝ ገባ ብዬ ቤቱን ሁሉ በመድኃኒት ያስረጨሁት ትዝ አለኝ። የመጋዝ ብናኝ ነበር!

ደስ ይበለኝ ልናደድ አላወቅኩም፤ ስለዚህ ተናደድኩ።

«ሁለት ዓመት!» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳህን ዝናብ ላይ አወጣሁልህ! ገበያ ላይ ስሜ ጠፋ! ቄስ ላክሁብህ! አንተ ለካ ገብተህ አልጋዬ ላይ እንጨት ትሰነጥቃለህ! መሐላውስ?»

«ገብቼ አልቀመጥም ነው ያልኩት» አለ። «መች ተቀመጥኩ? ቆሜ ሠርቼ ወጣሁ። እናቱን ጠይቂ።»

«አልተቀመጠም» አሉ አማቴ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። ባሌ ግን አልሳቀም። በመኝታ ክፍሉና በፈረሰው ሳሎን መሐል ቆሞ አንዴ ወደዚያ አንዴ ወደዚህ ያያል።

«አባባ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ተለውጧል። «ለምን ሳሎኑን ተዉት? ቅያሜ ነው?»

አባዬ ልጅቷን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወራት። «ቅያሜ አይደለም። እንጨቱ የበቃኝ ለአንድ ክፍል ነው» አለ።

«ታዲያ…»

«እናንተማ እግር አላችሁ። ሲንቋቋ ሰምታችሁ ትሮጣላችሁ። እሷ ያኔ መዳኽ እንኳ አልጀመረችም ነበር።»

ባሌ ከፍርስራሹ ውስጥ ያልተሰበረች አንዲት ወንበር ጎትቶ አወጣ፤ በረዶውን በእጁ ጠራረገና ሳሎኑ መሐል፣ ጣሪያ በሌለበት፣ አስቀመጠለት። አባዬ ወንበሯን አየ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ልጄን እንዳቀፈ ገብቶ ተቀመጠ።